አግድም ሰባት

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 21

ብሬክ ሩም። የኤርፖርቱ ካርጎ ክፍል ዛሬ ቀዝቅዟል፤ በብርዱ ምክንያት ሁለት በረራ ተሰርዟል። ለመጽሔቱ የማወጣውን የፌብሯሪ መስቀለኛ ቃላት ልጨርስ ስታገል ዋልኩ። ከታች በቀኝ በኩል ያለው ጥግ እምቢ አለኝ። በእንግሊዝኛ ቢሆን ፊደል ፊደል ነው። የኛ ግን “ገ” እና “ግ” አይተካኩም... አንዷ ካልገጠመች ሁሉም ይፈርሳል። መዝገበ ቃላቱን ከምሳ ዕቃዬ ጋር ነው የምይዘው። የሥራ ጓደኞቼ መጽሐፍ ቅዱስ ይመስላቸዋል።

በመጨረሻ “ምራን” ገላገለኝ። ሞፈርና ቀንበር የሚያያዝበት ጠፍር። ፍንጩ፦ “ገበሬ ያስርበታል፤ መንገድ የጠፋባቸው ይሉታል።” ስንት ሰው ያገኘው ይሆን? እትዬ ሸዋረገድ ያገኙታል። የሰባ አራት ዓመት ሰው ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የአማርኛ አስተማሪ። ዋይሊ ከተማ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። አራት ዓመት በቤተ ክርስቲያናችን መጽሔት የመጨረሻ ገጽ ላይ ያወጣሁትን ሁሉ የሞሉ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ሙሉወርቅ እግሯን ሶፋ ላይ ሰቅላለች። የተሰበረ እግሯ ላይ ያለው ቡት ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 23

ዲሴምበር ላይ ነው የወደቀችው። የቤተ ክርስቲያኑ ኩሽና ውስጥ፣ ድስት ይዛ። ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ። እሁድ ጠዋት በቫን አዛውንቱን የምትሰበስበው እሷ። የሕፃናት ክፍል እሷ። ኩሽና እሷ። ፓስተር ኤልያብ ስድስት ሳምንት ሙሉ ብቅ አላለም። የላከው አንድ ቴክስት ነው፤ ቃል በቃል፦ “እህት ሙሉ፣ እየጸለይንልሽ ነው። የቫኑ ቁልፍ የት ነው ያለው?”

 እኔ ወደ መስቀለኛ ቃላቴ ተመለስኩ።

አግድም 7፣ አምስት ፊደል። መልሱ “አገልግል”። ፍንጩ፦ “መንገደኛ ምሳውን ይቋጥርበታል፤ ፓስተር ይለዋል።” አንዱ ስንቅ መያዣው፣ ሌላው ትእዛዙ። ንጹሕ ፍንጭ ነበር። ልልከው ስል አንዲት ቃል ጨመርኩ። “ፓስተር ለሌላው ይለዋል።”

ላክኩት።

እሁድ፣ ፌብሯሪ 2

መጽሔቱ ወጣ። ከአምልኮ በኋላ ኋላ ወንበር ላይ ያሉት ተሰብስበው ይስቃሉ። አንዱ ፍንጩን ፎቶ አንስቶ የቤተ ክርስቲያኑ የስልክ ግሩፕ ላይ ለጠፈው። ማታ ስቆጥር ሠላሳ አንድ የሳቅ ምልክት።

ደስ አለኝ። ልዋሽ አልችልም... ለራሴ ነው የምጽፈው።

ሰኞ፣ ፌብሯሪ 3

የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ፣ ወንድም እንግዳ፣ ኮል አደረገ።

“አስበህበት ነው ወይ ግዛቸው?”

“ኧረ ምን በወጣኝ። ፍንጭ እኮ ነው። ማለቴ፣ ጨዋታ ነው።”

“ፓስተሩ በጣም ተጎድቷል።”

“ሰው በፈለገው መንገድ ቢያነበው እኔ ምን ላድርግ?”

ድምፄ ራሴን አስገረመኝ። እንዲህ ደህና አድርጌ እዋሻለሁ እንዴ?

ረቡዕ፣ ፌብሯሪ 5

ሙሉወርቅም ጠየቀችኝ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። “ስለ ፓስተሩ ነው የጻፍከው?” ቀና ሳልል “አይደለም” አልኳት።  “ኦኬ” አለች። እሷ ኦኬ ስትል አልቀበልኩም ማለት ነው።

አርብ፣ ፌብሯሪ 7

እንግዳ እንደገና ደወለ። የፊታችን ሳይሆን የሚቀጥለው ቅዳሜ፣ በ15፣ ስብሰባ አለ። ሆን ብዬ ከሆነ ከኅብረት እስከ መታገድ ሊደርስ ይችላል። ካልሆነ ግሩፑ ላይ የለጠፈው ይጠየቃል። “እኛ ይኼን የቃላት ነገር ስለማናውቅ እትዬ ሸዋረገድ መጥተው እንዲያስረዱን ለምነናቸዋል” አለ።

እትዬ ሸዋረገድ! ሌላ ማንም ቢሆን አታልለው ነበር።

እሁድ፣ ፌብሯሪ 9

ፓስተሩ ስለ ጸጋ ስጦታ ይሰብክ ነበር። ሞቅ ብሎት፣ ሸሚዙ በላብ ርሶ... “ወንድሜ ሆይ፣ በተሰጠህ ጸጋ አገል—” አለና ቆመ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው። ከዚያ ሌላ። ፓስተሩ ማስታወሻውን ገለጠ፣ መልሶ ገለጠ፣ የት እንደነበረ ጠፋበት። ሚስቱ ፊት ወንበር ላይ ናት። ሁለቱ ሴት ልጆቹም። ትልቋ አንገቷን ደፋች።

ይኼ ነበር የፈለግኩት? ቃሉን ከአፉ ነጠቅኩት። ምንም ደስ አላለኝም። ሲወጣ ጨበጠኝ፤ እጁን ወዲያው ሳበ።

ማክሰኞ፣ ፌብሯሪ 11

እትዬ ሸዋረገድ ደወሉ። ሥራ ቦታ ነበርኩ፤ ፎርክሊፍቱ ስለሚጮህ ወደ ውጭ ወጣሁ።

“አግድም ሰባትን በልልኝ እስቲ።”

በቃሌ አልኩላቸው።

“አሁን ‘ለሌላው’ን አውጣት። ይፈታል?”

“... ይፈታል እትዬ።”

“ታዲያ እዚያ ምን ትሠራለች?”

አውሮፕላን ሲያልፍ ጊዜ አገኘሁ። አለፈ። እሳቸው ይጠብቃሉ።

“እኔ አንተን በፍንጭህ ነው የማውቅህ። ሥራ ፈት ቃል አስገብተህ አታውቅም። ቅዳሜ ከጠየቁኝ ይህንኑ ነው የምለው።”

“ተቀየሙኝ?”

“መጀመሪያማ ሳቅኩ። እሁድ ለት ግን ቃሉ አፉ ላይ ሲደርቅ አየሁ።” “ከእኔ ቀድመህ አንተ ብትለው ይሻላል ልጄ።”

ሐሙስ፣ ፌብሯሪ 13

ሙሉወርቅ ቡቱን አውልቃለች። እግሯ ቀጥኗል። አጠገቧ ተቀመጥኩና “ሆን ብዬ ነው” አልኳት። “ስላንቺ ተናድጄ።”

ትጮኻለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም።

“ስለ እኔ ነው የምትለው። ቴክስቱ አልከበደኝም መሰለህ? አልቅሼበታለሁ። ግን አንድ ቀን ‘ምን ላድርግልሽ’ ብለኸኝ ታውቃለህ? ፓስተሩ አልጠየቀኝም። አንተም አልጠየቅከኝም። አንተ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ቃል ስትፈልግ እኔ ሽንት ቤት ለመሄድ ግድግዳ ይዤ ነበር።”

እውነቷን ነው። ሁለት ሜትር አይሞላም በመካከላችን። ቀና ብዬ አላየሁም...

ቅዳሜ፣ ፌብሯሪ 15

ከቤት ስወጣ “ቴክስቱን ላንብብላቸው ወይ?” አልኳት። ስልኳን ሰጠችኝ። “አንብበው። ሌላ ነገር ግን እንዳትጨምርበት።”

የሕፃናት ክፍል ውስጥ ነው የተሰበሰብነው፣ በትንንሾቹ ወንበሮች ላይ። ጉልበታችን ደረታችን ጋ ደርሶ። እንግዳ፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ፓስተር ኤልያብ። እትዬ ሸዋረገድ በእርሳስ የሞሉትን ገጽ ጭናቸው ላይ ዘርግተዋል። እንግዳ ጸለየ። ከዚያ ወደሳቸው ዞሮ “እንግዲህ እትዬ...” ሲል እጄን አነሳሁ። እንደ ተማሪ።

“ሆን ብዬ ነው የጻፍኩት” አልኩ። “ለወንድም እንግዳ ዋሽቻለሁ። ለባለቤቴም።”

 የሙሉወርቅን ስልክ አውጥቼ ቴክስቱን አነበብኩ።

ፓስተሩ ስልኩን ተቀብሎ ራሱ አነበበው። ደጋግሞ።

“ያን ጠዋት አስራ አንድ ሰው ብርድ ላይ ቆሞ ቫን ይጠብቅ ነበር... ማለቴ፣ ይኼ ምክንያት አይሆንም። መምጣት ነበረብኝ። አልመጣሁም።” ስልኩን መለሰልኝ። “አንተ ግን ልጆቼ ፊት አሳቅህብኝ። በሬን አንኳኩተህ ‘ኤልያብ፣ በደልከን’ ብትለኝ ምን ነበረበት? አሁን ያን ቃል ልለው ስል ሳቃቸውን እሰማለሁ።”

“ይቅርታ” አልኩት። ሌላ ቃል አጣሁ። እኔ!

አልተቃቀፍንም። ውሳኔው፦ ገጹ ይቆማል። በሚቀጥለው እትም ይቅርታ እጽፋለሁ። እትዬ ሸዋረገድን ማንም ምንም አልጠየቃቸውም። ወረቀታቸውን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ።

ሰኞ፣ ፌብሯሪ 17

ይቅርታው አራት መስመር ነው። ሁለት ትርጉም ያለው ቃል እንዳይገባበት ስድስት ጊዜ አነበብኩት።

እሁድ፣ ማርች 2

መጽሔቱ ወጣ። የመጨረሻው ገጽ የጥርስ ሐኪም ማስታወቂያ ሆኗል።

ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። ፓስተር ኤልያብ፤ ብቻውን። ሙዝና ብርቱካን ይዟል። ለኔ ከአንገቱ በላይ ሰላምታ ሰጥቶ ሙሉወርቅ ፊት ተቀመጠ።

እሷ ጀመረች። “ፓስተር፣ ከዛሬ ጀምሮ ቫን አልነዳም። ኩሽናም አልገባም። ሕፃናቱን እወዳቸዋለሁ፣ እነሱን አልተውም። በቃ።”

“ቫኑን ታዲያ ማን...” ብሎ ጀመረና ራሱን ያዘ። “ይቅርታ። እግርሽ እንዴት ነው?”

ስለ እግሯ ነገረችው። ሁሉንም። ሐኪሙን፣ ደረጃውን፣ የሚያማትን ሰዓት። አንዳንዱን እኔም ዛሬ ነው የሰማሁት።

ሲነሳ “በየሁለት ሳምንቱ እኔ እነዳለሁ” አልኩት። በር ላይ ቆሞ ጫማውን አየ። “የቀረውን እኔ” አለ። ያደርገው ይሆን? እንጃ። ሲጨብጠኝ ግን እጁን ቶሎ አልሳበም።

እሁድ፣ ማርች 9

የመጀመሪያ ተራዬ። ቫኑ ወደ ግራ ይጎትታል፤ ሙሉወርቅ ስንት ዓመት ስትታገለው ኖራለች፣ አንድ ቀን አልነገረችኝም። ወይስ ነግራኛለች?

ዋይሊ ስደርስ እትዬ ሸዋረገድ ከፊት ወንበር ተቀመጡ። ቀበቷቸውን ካሰሩ በኋላ በአራት የታጠፈ ወረቀት ሰጡኝ። በማስመሪያ የተሰመረ፣ ራሳቸው ያወጡት መስቀለኛ ቃላት። “ፈተናህ ነው” አሉ። ሳቁም።

ቤት ገብቼ አንዷ ላይ ተቸነከርኩ። ለካ ማውጣት እንጂ መፍታት አልለመድኩም። ሙሉወርቅ ሶፋው ላይ ናት፣ እግሯ ትራስ ላይ። እዚያው ጠረጴዛ ላይ አቀርቅሬ ልቀጥል ነበር... ተነሳሁና አጠገቧ ሄድኩ።

“እስቲ ይኼን ስሚኝ። ‘ገበሬ ይዞት ይቆማል፤ የደከመው ብሎት ይቀመጣል።’ ሦስት ፊደል። ምን ይመስልሻል?”

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተጋብተን ኖረን እንዲህ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም።

“እርፍ ነዋ” አለች፣ ሳታስብ።

እኔ እርፍን፣ የማረሻውን እጀታ፣ ከመዝገበ ቃላት ነው የማውቀው። እሷ ደጀን፣ አባቷ ማሳ ዳር ነው ያደገችው። መያዣው ላብ ጠጥቶ እንደሚለሰልስ፣ ሲታጠፍ ወደየት እንደሚጫኑት፣ በሬው ሲለግም ምን እንደሚሉት ነገረችኝ። እጄን ይዛ ጣቶቼን አጠፈችና አያያዙን አሳየችኝ። “እንዲህ አይደለም፣ ላላ አድርገው። እንዲህ ካጠበቅከው ይጥልሃል።”

ላላ አደረግኩት።

“ሌላስ አለ?” አለችኝ።