አባትሽ መንዳት ሲያስተምረኝ

ይድረስ ለልጄ፤ ያለሽበት አገር ይመችሽ፣ ክፉ አይይሽ። እኔ ደህና ነኝ።

ሱቁ ከስሮ ከተዘጋና አባትሽ ወንድሙ ቤት ከገባ ወዲህ ቤቱ ሰፍቶኛል። ፍቺውን ገና አልጨረስንም፤ ሁለታችንም አልቸኮልንም። «ሳንቲም ሳይኖራት መኪና ያዘች» ሲሉ ብትሰሚ አትደንግጪ። ጎረቤታችን መካኒኩ ለደንበኞቹ የመኪና ወንበር ልብስ ስሰፋለት ስለከረምኩ፣ በልፋቴ ፈንታ አንዲት አሮጌ መኪና ሰጠኝ። የሰፋሁትን ዩኒፎርም ለትምህርት ቤቶች አደርስባታለሁ። ችግሯ፣ ከሹፌሩ ጎን ያለው የጋቢናዋ በር የሚከፈተው ከውጭ ብቻ ነው።

መንዳት የሚያስተምረኝ አባትሽ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ይመጣል፤ ቤት ግን አይገባም። «ፍሬን! ፍሬን ያዢ እንጂ ሴትዮ!» እያለ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። ስንጨርስ ወንድሙ ደጅ አደርሰዋለሁ። ወርጄ በሩን ስከፍትለት እንደ ሚኒስትር ኮራ ብሎ ይወርዳል። ባለፈው «ገና ብዙ ይቀርሻል» አለኝ። «እሺ፣ ለቅዳሜ» አልኩት።

ምግብሽን በሰዓቱ ብዪ፤ ብርድ እንዳይመታሽ። የልፋትሽን አይንሳሽ፣ በሰላም ያገናኘን። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ መንጃ ፈቃዴን ካወጣሁ ወር አልፎኛል። ስትደውዪለት ለአባትሽ እንዳትነግሪው።

እናትሽ