ስለ አባ ጭላንጭል ዕረፍትና ስለ ታችኛው መደርደሪያ ብልቃጥ

ከባሕር ምርምር ጣቢያው የሠራተኞች ማኅበር የተሰጠ የሀዘን መግለጫ

የጣቢያችን ዋና ተመራማሪ፣ ሁላችንም በፍቅር «አባ ጭላንጭል» የምንላቸው ታላቅ ሰው፣ ሕመማቸውን ሲያስታምሙ ቆይተው ባለፈው ወር ከዚህ ዓለም ተለይተውናል። ሀዘናችን ከባድ ነው። መግለጫው ዘገየ የምትሉን ይቅር በሉን፤ መጨረሻውን ሳናይ ልንጽፈው ያልወደድነው ነገር ነበረብን።

ቅጽል ስሙን ለማያውቅ እንናገር። እሳቸው የገቡበት ክፍል ሁሉ መብራቱ ይቀንስ ነበር። ኮሪደሩ ደብዘዝ ብሎ ስናገኘው «አባ ጭላንጭል አልፈዋል» እንባባላለን። ስሙን ያወጣችላቸው የሒሳብ ሹሟ ናት፤ ሰምተው ስቀው፣ ሄደው የእሷንም ቢሮ መብራት አጠፉት።

ጣቢያው በተከፈተ ሰሞን ፋይቶፕላንክተን የሚባሉትን፣ በባሕር ውሃ ላይ የሚንሳፈፉና በዓይን የማይታዩ ዕፅዋት፣ በብልቃጥ ማሳደግ ጀመሩ። ብልቃጥ አጣቢዎቹ እንኳ ሳይቀሩ እንዲገባቸው አድርገው ያስረዱ ነበር፦ እነዚህ ደቃቆች እንደ ምድር ቅጠል ከብርሃን ምግባቸውን ያበጃሉ፤ ከምንተነፍሰው ኦክስጅንም ግማሽ ያህሉ የእነሱ ሥራ ነው።

በአራተኛው ዓመት የብርሃኑን ጥናት አወጡ። ደቃቆቹ ብርሃን ሲያንስባቸው ሥራ ይፈታሉ፤ ሲበዛባቸው ደግሞ አረንጓዴያቸው ይነጣል። «ብርሃን የሚወድ ሁሉ ብርሃን ይችላል ማለት አይደለም» የሚሏት ነገር ነበረቻቸው።

ቀዝቃዛው ክፍል ከተሠራ በኋላ ወደ ሙቀቱ ዞሩ። ውሃው ሞቅ ሲል የደቃቆቹ ሥራ ይፋጠናል፣ ከልክ ሲያልፍ ግን እንደ ታከተው ሰው ዝልፍልፍ ይላሉ።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት የደከሙት በደቃቆቹ ምግብ ላይ ነው፤ ናይትሬቱ፣ ፎስፌቱ፣ ከብረትም ቅንጣት ታህል። ሲጎድልባቸው ይገረጣሉ። ሲትረፈረፍላቸው ደግሞ ከመጠን በላይ ተባዝተው የላይኛው በታችኛው ላይ ጥላ ይሆንበታል። ብርሃን፣ ሙቀትና ምግብ፣ ሦስቱ ካልተስማሙ አንዱ ብቻውን አያኖርም፤ ትዳርም እንዲሁ ነው እያሉ ይቀልዱ ነበር።

አሁን ወደ ብልቃጧ እንምጣ። የጣቢያው ጀልባ ነጂ ታናሽ ወንድማቸው ነበሩ። አንድ ቀን ከጥልቁ የቀዱትን ውሃ በባልዲ አምጥተው ለታላቅ ወንድማቸው አስረከቡና ተመልሰው ወደ ባሕር ወጡ። ጀልባዋም እሳቸውም እስከ ዛሬ አልተገኙም። አባ ጭላንጭል ከዚያ ባልዲ ያገኙትን ዘር፣ ሲያረጅ ወደ አዲስ ውሃ እያዛወሩ፣ በቀዝቃዛው ክፍል ታችኛው መደርደሪያ ላይ በብልቃጥ፣ ጥቂት ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ጥቁር ጨርቅ ከልለው አኖሩት። ጠዋት እንደገቡ፣ ለእኛ ሰላምታ ሳይሰጡ፣ አረንጓዴው እንዳይዘቅጥ ብልቃጧን በእጃቸው ያወዛውዟታል። አልጋ ላይ ሆነው ለቤተ ሙከራ ባለሙያዋ የተናገሩት የመጨረሻ ቃል «ብልቃጧን አደራ» የሚል ነው።

አደራውን እንዴት ጠበቅነው? ከቀብር እንደተመለስን ጨለማ ውስጥ ልትቀመጥ ነው ወይ ብለን ጨርቁን ገፈፍን። ከቀዝቃዛው ክፍል አውጥተን በትልልቆቹ አምፖሎች ሥር፣ ከፎቶግራፋቸው አጠገብ አስቀመጥናት፤ ምግቧንም ደረብንላት። ክብር መስጠታችን ነበር። ያን ሁሉ ዓመት የነገሩንን በአንድ ቀን ፍቅር ረሳነው። በሳምንቱ አረንጓዴው ገርጥቶ፣ ውሃው የገለባ መልክ ይዞ፣ ሥር ላይ ዘቅጦ አገኘነው። ባለሙያዋ አይታ «የቀረው ቁንጣሪ ነው» አለችና አለቀሰች። ወደ ቦታዋ መለስናት፣ ጨርቁን አለበስናት፣ ውሃና ምግቧን በልክ አደረግንላት። ማወዛወዙን ግን ከድንጋጤያችን የተነሳ ማናችንም አላስታወስነውም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ባለሙያዋ ትዝ ብሏት ሮጣ ገባች። ብልቃጧ ተወዛውዛ ጠበቀቻት። ያደረ ውሃ ሥሩ ላይ ደለል ይይዛል፤ ይህ ግን ከላይ እስከ ታች አንድ መልክ ነበረው። በሚቀጥለውም ቀን እንደዚያው፤ ዛሬም እንደዚያው ነው። ሁላችንንም አንድ በአንድ ጠየቅን፣ እኔ ነኝ ያለ የለም። ቁልፉ ያለው ጥበቃው ዘንድ ነው፤ እሱም እንኳን ልገባ በዚያ በር ማለፍ ትቻለሁ ብሎ ምሏል።

ነገሩን ለባለቤታቸው ሄደን ስንነግራቸው አልደነገጡም። «እኔም አብርቼ የምተኛው መብራት ጠዋት ጠፍቶ ነው የማገኘው» አሉን። የኤሌክትሪክ ሠራተኛችንን ልከን አስፈተሽን፤ አምፖሉም ማብሪያ ማጥፊያውም ደህና ናቸው።

አረንጓዴው ተመልሷል። እንደ ጥንቱ ነው ባንልም፣ ዘሩ አልጠፋም። ይህን ሳናይ መጻፍ አልቻልንም ነበር።

ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸው፣ አብረዋቸው ለደከሙ ሁሉ፦ የእናንተ እንባ የእኛም ነው፤ መጽናናቱ ቀስ ብሎ፣ በልኩ ይምጣላችሁ።

ብልቃጧን የሚያወዛውዘው ሰው ከመካከላችን ከሆነ፣ ማኅበሩ ከእንግዲህ ማን ነህ ብሎ አይጠይቅምና እባክህ አታቋርጥ። ከመካከላችን ካልሆነም የቀዝቃዛው ክፍል በር ከእንግዲህ አይቆለፍም፤ ማታ ስንወጣም መብራቱን ዝቅ አድርገን እንሄዳለን።