በአሥራ ሁለተኛው ምት የተናደው ኬክ

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.
የማለዳው ቆጠራ፦ አዲስ በረዶ 38 ሳንቲ ሜትር፣ የተሸጠ ዳቦ 61፣ የተሰረዘ የሠርግ ኬክ 1። ዛሬ የጻፍኩት ማመልከቻ ግልባጭ ይኸው፦

ለኮፐር ፎርክ የበረዶ ናዳ ትንበያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ኮሎራዶ

ጉዳዩ፦ በዕለታዊ መግለጫችሁ ስለ ኬኬ የወጣው ማስጠንቀቂያ ማስተካከያ እንዲደረግበት ስለመጠየቅ

የተከበሩ ኃላፊ፣

1. እኔ አመልካች ዶርቲያ ሃቨርካምፕ በዚህች ከተማ ለ22 ዓመታት ዳቦና ኬክ ጋግሬ የምተዳደር ነጋዴ ነኝ። የዕለት ማስታወሻ ስለምይዝ ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች የግምት አይደሉም።

2. ጃንዋሪ 30 ቀን አሠልጣኛችሁ አቶ ካል ኢንግስትሮም ሱቄ መጥተው ተራራ ለሚወጡ ጀማሪዎች በረዶ እንዴት እንደሚናድ ማስተማሪያ የሚሆን ኬክ አዘዙኝ። “ዶርቲ፣ ከሥር ቅቤ ያልነካው ደረቅ ስኳር አድርጊ፤ ከላይ ጥቅጥቅ ያለ ኬክ ጫኚበት። እንደ ዘንድሮው በረዶ የማይታመን ይሁን” አሉኝ። “እንዲህ ያለ ኬክ ከፈለግህ ነዳጅ ማደያው ይሸጥልሃል” ብላቸው፣ “የነሱ አይናድም፤ ድንጋይ ነው” ብለው መለሱ። መጥፎ ኬክ በትእዛዝ ስሠራ የመጀመሪያዬ ነበር።

3. ፌብሩዋሪ 1 ቀን ተማሪዎቹ በከተማው አዳራሽ፣ ተራራ ላይ በረዶውን እንደሚፈትኑት፣ አካፋ ኬኩ ላይ አጋድመው በእጃቸው መቱት፦ አሥር ጊዜ ከእጅ አንጓ፣ አሥር ከክርን፣ አሥር ከትከሻ ነው ሥርዐቱ። ከትከሻው አልደረሱም። በአሥራ ሁለተኛው ምት የላይኛው ግማሽ እንዳለ ተንሸራቶ ኤሚት ስታንክ የተባለ ተማሪ ጭን ላይ ዐረፈ።

4. በማግስቱ መግለጫችሁ ከነፎቶው እንዲህ አለ፦ “የሃቨርካምፕ ኬክ። የታችኛው ንብርብር ደካማ። በ12ኛው ምት ሙሉ በሙሉ ተንሸራቷል። ከሥሩ አትቁሙ።” በዚህ ከተማ ሰው ካልሲውን ሳያጠልቅ መግለጫችሁን ያነባል። ደንበኞቼ ዶናት ሲገዙ “ዛሬ አደጋው ስንተኛ ደረጃ ነው?” እያሉ ይጠይቁኛል። ይህን ችዬው ነበር።

5. ሆኖም ቅዳሜ ልጃቸውን የሚድሩት ወይዘሮ ማርጆሪ ትሩሂዮ ትናንት ከጉዞ ተመልሰው ያመለጣቸውን መግለጫ ሁሉ በተራ ካነበቡ በኋላ፣ ዛሬ ጠዋት ባለሦስት ፎቁን ኬክ ሰረዙብኝ። “ዶርቲ፣ ልጄ አጠገቡ ልትቆም አይደለም እንዴ?” አሉኝ። መጥፎ የሆነው ታዝዞ ነው ብል፣ “እኔ የማውቀው ቢሮው የጻፈውን ነው” አሉ። ለጁላይ ኬክ ያዘዙኝ አምስቱም ሙሽሮች የእኅቶቻቸው ልጆች ናቸው። እሳቸው የሰረዙትን ኬክ በዚህ ሸለቆ ማንም አይቆርሰውም።

6. ለእውነት ያህል፣ ኬኩ ሥራውን ሠርቷል። የቅዳሜው ሙሽራ ያው ኤሚት ነው። ፌብሩዋሪ 8 ቀን ከጓደኛው ጋር ተራራ ወጥቶ በረዶውን ቆፍሮ ሲያየው፣ “ኧረ ይሄ የዶርቲ ስኳር ነው” ብሎ ተመለሰ። ከሰዓት በኋላ ያ በረዶ ተንዶ ወገቤን የሚያህሉ ዛፎች ይዞ ወረደ። ይህን ለወይዘሮ ትሩሂዮ ብነግራቸው ጉዳዬ ባለቀ ነበር። ግን ልጁ ከሠርጉ በፊት ተራራ አልወጣም ብሎ ምሎላቸዋል። “ዶርቲ፣ ከምትነግሪያቸው ናዳው ይሻለኝ ነበር” ስላለኝ ጽሕፈት ቤታችሁም ስሙን እንዳያወጣ አደራ እላለሁ።

7. ስለዚህ የተጻፈው እውነት ስለሆነ ይሰረዝልኝ አልልም። የምለምነው፣ ዓርብ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አቶ ካል ወይዘሮ ትሩሂዮ ባሉበት የሠርጉን ኬክ መንትያ ሠላሳውንም ምት እንዲመቱት፣ ውጤቱም ቅዳሜ ማለዳ በዚያው መጠን ፎቶ እንዲወጣ ነው። ከተናደም ይውጣ። ለከርሞው ትምህርት መጥፎውን ኬክ ደግሜ እጋግራለሁ፤ ስሜ ብቻ አይጻፍበት።

ከአክብሮት ሰላምታና ከአንድ ሳጥን ዳቦ ጋር (ጉቦ አይደለም፤ የትናንት ነው)፣

ዶርቲያ ሃቨርካምፕ
(ፊርማ)

ነገ፦ ተራራው ላይ የቀረውን በረዶ በፈንጂ ለማውረድ መንገዱ ከመዘጋቱ በፊት፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ለሁለት ኬክ፣ ለሚመታውና ለሚቆረሰው፣ 90 እንቁላል ማምጣት።