ያልተከፈተው የአባባ ድምፅ

ውድ ወንድሜ ኃይለ ጊዮርጊስ፣

እንደምን አለህልኝ? ከሞጣ እስከ ቢቸና ወረቀት መላኬ አይግረምህ። ከእንግዲህ በአንተ ስም የሚመጣ ኢሜል ስለማላምን ነው። ደብዳቤውን የሚያደርስልህ ሾፌሩ ደምለው ነው፤ እሱ እንኳን ቫይረስ የለበትም።

ተናድጃለሁ፤ አልደብቅህም። ከቅኔ ቤት ጓደኛህ ከአካለ ወልድ "የተዝካር ጥሪ" የሚል ፋይል መጣልህ። የማን ተዝካር እንደሆነ አልተጻፈም፤ ቀኑም የለም። ለመሆኑ አካለ ወልድ ተዝካር ቢኖርበት በኢሜል ነው የሚጠራህ? ቤቱ ከቤትህ ማዶ አይደለም? ወጣ ብለህ "የማን ነው?" ብትለው ምን ነበረበት? አንተ ግን ከፈትከው። አንቲቫይረሱ አደገኛ ነው ብሎ ሲከለክልህም ጭራሽ አጠፋኸው። ለምን ብዬ ስጠይቅህ "የሙት ጥሪ ሳይከፈት ይቀራል እንዴ? ነውር አይደለም?" አልከኝ።

ያለህ ፋይል ሁሉ ተቆለፈ። አባባ ከማረፋቸው በፊት ቅኔ ሲያሰሙ የቀዳኸውም አብሮ ሄደ። ሌላ ቅጂ የለንም። በፋሲካ "ፍላሽ ላይ ገልብጠህ ሳጥን ውስጥ ቆልፍበት" ብዬህ ነበር። ፍላሹንም የገዛሁልህ እኔ ነኝ። ኋላ ባየው የእግር ኳስ ጨዋታ ሞልተህበታል።

በዚህም ባበቃ ጥሩ ነበር። ቫይረሱ ያንኑ ጥሪ በስምህ ለምታውቀው ሰው ሁሉ በተነው። ጨርቅ ነጋዴው ጋሽ ሰይድ ጋቢያቸውን ደርበው እኔ ወደምሠራበት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት መጡ።

"ምነው ልጄ፣ ማን ሞተባችሁ? ከወንድምሽ ጥሪ ደርሶኝ ብከፍተው የሚነበብ ነገር የለውም" አሉኝ።

ማንም እንዳልሞተ ስነግራቸው "አልሐምዱሊላህ" ብለው ተቀመጡ። ቀጥዬ የሱቃቸው ኮምፒውተር መበከሉን ነገርኳቸው።

"ታዲያ ሐዘን ነው ሲባል ዝም ልል ኖሯል?" አሉ።

እውነታቸውን ነው። ጥሪውን የከፈተው ሁሉ አንተን አምኖ ነው የከፈተው።

አሁን ደግሞ የባሰው መጣ። ማክሰኞ ጠዋት በስምህ ሌላ ኢሜል ደረሰኝ። "የአባባ ድምፅ ተገኘ፤ ክፈችው" ይላል፤ ከሥሩ ፋይል ተያይዟል። ኮምፒውተርህን ለባለሙያ መስጠትህን አውቃለሁ፤ እውነትም አስመልሶልህ ይሆናል። ግን ቫይረሱን የላከብህ ሌባ "የአባባ ድምፅ" የሚለውን ከራስህ ፋይሎች ላይ አይቶት ቢሆንስ? እንዳልደውልልህ የቢቸና ስልክ ከማክሰኞ ወዲህ አልሠራ ብሏል። ከእኔ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ የስንቱ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ አለ። አንድ ጊዜ ብነካው እነሱንም ይዤ ገደል መግባቴ ነው።

ወንድምዓለም፣ የአባባ ድምፅ እየጠፋብኝ ነው። ሳቃቸው ይታወሰኛል፤ ሳላቸውም። ቅኔውን ሲያሰሙ ግን ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ ድምፃቸው አይመጣልኝም። ፋይሉ ላይ እጄን እያሳረፍኩ ስንት ጊዜ መለስኩት። ያንን የተረገመ ጥሪ ባትከፍት ኖሮ ይህን ጊዜ ሳልፈራ እሰማቸው ነበር። ከሁሉ የሚያናድደኝ እሱ ነው።

አሁን አንድ ነገር አድርግልኝ። ፋይሉን የላክኸው አንተ ከሆንክ፣ አባባ በቅሏቸውን ምን ብለው ይጠሯት እንደነበር ለደምለው ንገረው። ይህን ሌባው ከየትም አያገኘውም። ካልላክህ ደግሞ ደምለው ባዶ እጁን ይምጣ፤ እኔም ሳልከፍተው አጠፋዋለሁ።

ነገ ከሰዓት በኋላ መናኸሪያ ወጥቼ እጠብቀዋለሁ። እስከዚያ አልነካውም። የጆሮ ማዳመጫውን ግን ከአሁኑ ሰክቼዋለሁ።

እህትህ ሰብለ ወንጌል
ሞጣ