ሁለት መነጽር እስከ ቅዳሜ

ቅዳሜ፣ ኅዳር ፮ ቀን ፲፱፻፸፫

ሁለቱም መነጽሮች አልጋው ላይ ጎን ለጎን ተኝተዋል። አትጠገብ አየቻቸውና፣ «መንታ ወለዱ እንዴ፣ አንቱ?» አለችኝ። አርባ ዓመት በትዳር ኖረን ዛሬም ታሾፍብኛለች።

የምገዛው አንዱን ብቻ ነው። ያለኝ የአንድ ቆርቆሮ ማር ዋጋ ነው። ትንሹ መነጽር ስምንት እጥፍ ያቀርባል። የወታደር ነው፤ ማንገቻው አልቋል። እሱን ብገዛ ለጥይት የሚሆን ይተርፈኛል። ትልቁ ሃያ እጥፍ ያቀርባል፤ ማሩን ግን ሙልጭ አድርጎ ይበላዋል። በቤቴ ያለው ጥይት ሦስት ነው።

ነጋዴው እንድሪስ ደባርቅ ገበያ ላይ፣ «አያ ታፈረ፣ ሁለቱንም ይውሰዱና ይሞክሩ። ያልወደዱትን የዛሬ ሳምንት ይመልሱልኛል» አለኝ። ዋስ ልጥራ ስለው ሳቀ። «አንቱን ዋስ የሚጠይቅ ማን ነው?» ቢሆንም ጠራሁ። ሥርዓት ሥርዓት ነው።

ነገሩ ሁሉ የመጣው በነብሩ ነው። ከሊማሊሞ ገደል እየወጣ በአንድ ወር አራት በግና የአንዲት መበለት ጥጃ በላ። ቀን ቀን ከገደሉ እርከኖች ባንዱ ይተኛል፤ በየትኛው እንደሆነ ያወቀ የለም። ዱሮ በባዶ ዓይኔ እለየው ነበር። ትናንት የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር በስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ «ጓድ ታፈረ፣ እስከሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ካልገደሉት ምንሽሩን ለፈንታ ያስረክባሉ» አለ። ፈንታ የልጄ ባል ነው። ሚሊሺያ ነው። አፉ አያርፍም።

በዚያ ምንሽር ሠላሳ ዓመት አድኛለሁ። ለማንም አላስረክብም።

እሑድ፣ ኅዳር ፯

ከቅዳሴ መልስ መነጽሮቹን ፈተንኩ። ከዚህ ደብተር አንድ ወረቀት ገንጥዬ ፊደል ጻፍኩበት፤ ሁለት መቶ እርምጃ ቆጥሬ የወይራው ግንድ ላይ ሰካሁት። ፊደል ያስቆጠረኝ ሰው የለም። በአርባ ዓመቴ ብቻዬን ነው የተማርኩት። ባለፈው ሰሞን የመሠረተ ትምህርት ልጆች ሊመዘግቡኝ መጥተው አንብቤላቸው ተመለሱ።

ትንሹ፦ ቀላል ነው። ብርሃን አለው። ሰፊ ያሳያል። ወረቀቱ ታየኝ፤ ፊደሉን ግን ማንበብ አልቻልኩም።

ትልቁ፦ እንደ ጠገበ ሕፃን ይከብዳል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይጨልማል። ጠባብ ስለሆነ ግንዱን እስካገኘው ሰማይ ለሰማይ ዞርኩ። ፊደሉ ግን ቡጢ ቡጢ አክሎ መጣ። መጣና ይዘላል። «ሀ» እንኳ ከቦታዋ አልቆም አለችኝ።

አንዱ መስታወት የላላ ይመስለኛል። መሃል ላይ ያለችውን ማጥሪያ መዘውር ሳሽከረክር ዋልኩ፤ ለውጥ የለም።

አትጠገብ፣ «እስቲ እኔም ልይበት» አለች። መጫወቻ አይደለም አልኳት። ፊቷን አዙራ ገባች። አሁን ስጽፈው ትንሽ ቆጨኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር ፰

ገደሉ አፋፍ ዋልኩ። በትንሹ መነጽር ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን አየሁ፤ እርከኖቹንም ቆጠርኩ፤ ሰባት ናቸው። ጥላውንና ነብሩን ግን መለየት አይቻልም። ትልቁን ሳነሣ ገደሉ እንዳለ እንደ ፈላ ሽሮ ተንፈቀፈቀ። ነፋሱ ነው ብዬ ተቀመጥኩ። ነፋሱ ቆመ፤ ገደሉ አልቆመም። በደረቴ ተኝቼ ድንጋይ ላይ ላስደግፈው ሞከርኩ፤ ሣሩ ጋረደኝ፤ ስነሣም ወገቤ እምቢ አለኝ።

ፈንታ ከኋላዬ መጥቶ፣ «አባባ፣ ነብሩን አገኙት ወይስ እሱ አገኘዎት?» አለ።

«ሂድ አጨዳህን እጨድ» አልኩት።

«ገብሱስ የትም አይሄድም። ምንሽሩን እስቲ እኔ ልወልውልልዎ።»

ሲሄድ እያፏጨ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፱

ትልቁን ይዤ ደባርቅ ወረድኩ። እንድሪስን፣ «የተሰበረ ዕቃ ነው የሰጠኸኝ» አልኩት። ተቀብሎኝ ከሱቁ ደጃፍ ቆሞ አየበት። ሩቅ መንገዱ ላይ የቆመ የጭነት መኪና ነበር፤ የታርጋውን ቁጥር አንድ በአንድ አነበበልኝ። ከዚያ መነጽሩን አወረደና እጄን አየ። ወዲያው ዓይኑን ሰበረ።

«አዲስ ዕቃ እኮ ከሰው ጋር እስኪላመድ ነው፣ አያ ታፈረ። ሻይ ይጠጡ።»

ብርጭቆው እስከ አፉ ሞልቶ ነበር። ሳነሣው ባንኮኒው ላይ ፈሰሰ። እንድሪስ በገዛ እጅጌው ጠረገውና፣ «የደባርቅ ብርድ ሰው አይምርም» አለ። አዎ፣ ብርዱ ነው አልኩ። እኩለ ቀን ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳል።

መንገዱን ሁሉ ሳስብ መጣሁ። በቤቴ አንድም ቀን አፍስሼ አላውቅም። ለምን?

ራት ላይ አትጠገብ ጠላ ቀዳችልኝ። ዋንጫዬ እስከ ግማሹ ነው። የራሷ ግን እስከ አፉ። ሁልጊዜ እንዲህ ነበር፤ እኔ ግን ቆጥባብኝ ይመስለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር ፲

ጠዋት ጠየቅኋት። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ምን እንዳልኩ ወዲያው ገባት። «ከፋሲካ ወዲህ» አለች። የኮቴን ቁልፎች በትልልቅ የለወጠቻቸውም ለዚህ ኖሯል። እኔ ለጌጥ መስሎኝ ተቆጥቼ ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርዎት ይሰሙኝ ነበር?»

ትንሽ አሰብኩና፣ «አልሰማሽም ነበር» አልኳት። ውሸት መናገር አልችልም።

ይህን ደብተር ወደ ኋላ ገለጥኩ። ከፋሲካ በፊት የጻፍኩት ፊደል ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከዚያ ወዲህ ያለው እግሩ ይብረከረካል። ስንት ወር ሙሉ በራሴ እጅ ስጽፈው ኖሬ አላየሁትም።

ከሰዓት ምንሽሩን ያለ ጥይት ወረቀቱ ላይ አነጣጠርኩ። ዱሮ ትንፋሼን ይዤ ሦስት እስክቆጥር ይረጋል። ዛሬ እስከ አሥር ቆጠርኩ። አፈሙዙ ወረቀቱን ሲዞረው ቆየ። ቃታውን ሳልነካ ግድግዳው ላይ መልሼ ሰቀልኩት።

እስኪመሽ ከደጃፉ አልተነሣሁም። አትጠገብም ተወችኝ። መተው የሚገባበትን ሰዓት ታውቃለች።

ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፩

ጠዋት ወደ አፋፉ ስነሣ ነጠላዋን አጣፍታ ተከተለችኝ። «የት ነው?» አልኳት። «ከአንቱ ጋር» አለች። ተመለሽ አልኳት። ሰምታ እንዳልሰማች አለፈችኝ።

ስንደርስ ከፊቴ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። «በሉ፣ ትከሻዬ ላይ ያሳርፉት።»

«ሰው ቢያየን?»

«ጭላዳ ነው ያለው። ለማን ያወራል?»

ትልቁን መነጽር ትከሻዋ ላይ አኖርኩ። ትንፋሿን ቀስ አደረገች። ገደሉ ቆመ። የድንጋዩ ሽበት፣ የሣሩ ዘለላ ሳይቀር ቆመ። ሁለት እርከን አለፍኩ። ሦስተኛው ላይ፣ ከአስታው ቁጥቋጦ ሥር፣ ጅራት አየሁ።

«አገኙት?» አለች ሳትዞር።

«አትናገሪ፤ ትከሻሽ ይነቃነቃል።»

«ምን ያደርጋል?»

«መዳፉን ይልሳል።»

ሳቀች፤ ነብሩ ከመስታወቱ ዘሎ ጠፋኝና እንደገና ፈለግሁት።

ከዚያ ተራ ተለዋወጥን። እሷ ነብሩን ጨርሶ አልፈለገችም። መነጽሩን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ወደ ቆላው፣ ወደ ዛሪማ በኩል አዞረችው። የትውልድ መንደሯ እዚያ ነው፤ ታላቅ እህቷም እዚያ ናት። መንገዱ ያለ ይለፍ ወረቀት ከተከለከለ ሁለት ዓመት ሆነ፤ ወሬዋን የሚያመጣ ሰውም የለም። ብዙ ጊዜ አየች። ከዚያ፣ «ሾላው አለ። የቤቱም ክዳን አለ» አለች። ጢስ ግን አላየችም። በዚህ ሰዓት ማን ያነድዳል አልኳት።

አንገቴ ላይ እንባዋ ነካኝ። ያላወቅሁ መሰልኩ። እሷ ስንት ወር ያላወቀች መስላልኝ የለ?

ዓርብ፣ ኅዳር ፲፪

የሚካኤል ዕለት ነው፤ አደን የለም። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ፈንታን አስጠራሁት። ምንሽሩን ከግድግዳው አውርጄ እጁ ላይ አኖርኩለት።

«ቅዳሜ ገና ነገ ነው እኮ፣ አባባ» አለ። ደንግጧል።

«አውቃለሁ። ሊቀመንበሩ ስላለ አይደለም። እጄ ይንቀጠቀጣል።»

ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ያሾፍብኛል ብዬ ጠበቅሁ። አንገቱን ደፋና፣ «ታዲያ ማን ያሳየኛል?» አለ።

«እኔ።»

ከምሳ በኋላ ትንፋሽ አያያዝ አስተማርኩት። ጥይቱ ሦስት ብቻ እንደሆነም ነገርኩት። ምልክታችን የአትጠገብ ነጠላ ነው፤ ወደ ቀኝ ከተዘረጋ ቀኝ፣ ወደ ግራ ከተዘረጋ ግራ፣ መሬት ከነካ ቁም። ሁለት ጊዜ አስደገምኩት። አፉን ዘግቶ ማዳመጥ ይችላል ለካ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር ፲፫

ተፈጽሟል።

ጎህ ሲቀድ እኔና አትጠገብ አፋፉ ላይ፣ ፈንታ ማዶ ከእርከኑ በላይ። ነብሩ በዚያው በአስታው ሥር ነበር። ፈንታ ከላይ ሆኖ አያየውም። «ግራ» ስል አትጠገብ በግራ እጇ ነጠላውን ትዘረጋለች፤ ትከሻዋ ግን አይነቃነቅም። እንዴት እንደምትችልበት አላውቅም። «መሬት» አልኩ። ነጠላው ወደቀ፤ ፈንታ ቆመ። ነብሩ ተነሥቶ ተንጠራራና ወደ ብርሃኑ ወጣ። አንድ ጥይት። ወደቀ። ሁለቱ ጥይት ተርፏል።

ያማረ ነብር ነበር። ወድቆ ስላየሁት ደስ አላለኝም፤ ግን በጎቹም በጎች ናቸው።

ሕዝቡ ሲሰበሰብ ፈንታ ምንሽሩን ከፍ አድርጎ ፎከረ። የራሱን ስም ይጠራል ብዬ ነበር። «የታፈረ አሽከር! የታፈረ አሽከር!» እያለ መሬቱን ረገጠ። ሊቀመንበሩ ፊቱን አጨፈገገ። «ጓድ ፈንታ፣ አሽከርና ጌታ ቀርቷል!» አለው። ፈንታ ትንሽ አሰበና፣ «እሺ፣ የታፈረ ጓድ!» ብሎ ቀጠለ። ሰዉ በሳቅ ወደቀ። እኔ አልሳቅሁም። ቤቴ ገብቼ ነው የሳቅሁት።

ምንሽሩ ከፈንታ ጋር ይቆይ። ቅባት እንዳይረሳ እቆጣጠረዋለሁ።

ቀትር ላይ ገበያ ወርጄ ትንሹን መነጽር ለእንድሪስ መለስኩ፤ የማሩንም ዋጋ በሙሉ ሰጠሁት፤ ዋሴንም አስለቀቅሁ። «ትልቁ ተላመደዎ?» አለኝ። «ማረፊያ አገኘሁለት» አልኩት። ሻይ ጋበዘኝ። ግማሽ አድርገህ ቅዳ አልኩት፤ አላፈርኩም።

አትጠገብ ነገ ሳይነጋጋ እንሂድ ብላለች። እህቷ ከእሑድ ጠዋት በቀር በማለዳ እሳት አታነድድም ነበር፤ ጢስ ከታየ በሕይወት አለች ማለት ነው። ካልታየ ምን እንደምላት አላውቅም። መነጽሩን ጠርጌ በጋቢዬ ጠቅልዬዋለሁ። ነገ ትከሻው የእኔ ነው፤ ትንፋሼን ቀስ ማድረግ አለብኝ።