የደወሉ ሸክላ ዝም ካለ ወዲህ

ነቀምቴ፣ መጋቢት ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ኩማ፣

«ለጤናህ እንደምን አለህ፣ እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ» ብለን እንድንጀምር ትምህርት ቤት አስተምረውን ነበር። አንተ ደህና መሆንህን ከላክኸው ካርቶን ተረድቻለሁ። እኔ ደህና አይደለሁም፤ ናፍቆቱም ለጊዜው ይቆየን። በቤታችን ቋንቋ ብቆጣህ ይቀለኝ ነበር። ምን ላድርግ፣ ደብዳቤ መጻፍ የተማርነው በአማርኛ ስለሆነ በአማርኛ ተቆጥቻለሁ፤ ታላቅ እህትህ መሆኔን እያስታወስክ አንብበው።

ካርቶኑ የደረሰኝ ትናንት ነው። አውቶቡሱ አኖ ላይ ጎማ ፈንድቶበት ዘግይቶ ገባ። ረዳቱ «ከወንድምሽ ነው፤ ሸክላ ስለሆነ አትጣይው» ብሎ እንደ ሕፃን አቅፎ ሰጠኝ። ቤት ወስጄ ከፈትኩት። የመዝሙር ሸክላዎች ናቸው። ከላይ በዚያ በሚያምር የቢሮ ጽሕፈትህ «እነዚህ እውነተኛ መንፈሳዊ ናቸው፤ ለአባባ አጫውቺላቸው፣ ደስ ይላቸዋል» ብለሃል። እውነተኛ! ኩማ፣ ይህን ቃል ስትጽፍ ትንሽ እንኳ እፍረት አልያዘህም?

ያም ሆኖ አጫወትኩላቸው። አባባ አንዱን ገጽ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጡ፤ እንግዳ ሲያወራ እንደሚያዳምጡት። ሲያልቅ «ጥሩ ነው። ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ፣ ብላለች በዪልኝ፣ አይ፣ ብለዋል በዪልኝ» ብለው ራሳቸው በተሳሳተ አማርኛቸው ትንሽ ሳቁ። ቀጥለውም «አሁን ዝጊው» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ካርቶንህን ነገ በዚያው አውቶቡስ እመልስልሃለሁ። ይህም ደብዳቤ ውስጡ ነው።

ምን እንዳፈረስክ የምታውቅ አይመስለኝምና ልንገርህ።

የአባባን ዓይን ሞራ የጋረደው ጊዜ ታስታውሳለህ። ዕድሜ ልካቸውን በቅሎ ጭነው ጊምቢ ድረስ ሲነግዱ የኖሩ ሰው ከደጃፉ አልፈው መሄድ አቃታቸው። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን እኔ ነበርኩ የማነብላቸው፤ ስፌት ሲበዛብኝ ደግሞ እሱም ይቀራል። አንተ ያን ጊዜ ያን በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ የሸክላ ማጫወቻ ላክህልን። እውነቱን ለመናገር መረቅንህ። ሸክላዎቹ በቡናማ ወረቀት ተጠቅልለው ነበር። ሥዕል ያለበት ማቀፊያቸው የት እንደ ገባ አልጠየቅንም። «የፈረንጅ መንፈሳዊ ሙዚቃ ነው» ብለህ ጻፍክ፤ አመንንህ።

ለምን አናምንህም? በቤታችን ዘፈን እንደማይገባ ታውቃለህ። ዘፈን ማለት ደግሞ ለእኛ ቃሉ ነው፤ ወገቧ፣ ዓይኗ፣ ጠጁ የሚለው። እነዚህ ሸክላዎች ቃል የላቸውም። ክራሩ ትልቅ ትልቅ የሆነ ይመስላል፣ ፉጨት አለ፣ ደወል አለ፣ ወንዶች ተሰብስበው «ኦ» እና «አ» ብቻ ይላሉ። አባባ የመጀመሪያውን ቀን አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙና «ቃሉን ለእኛ ትተውልን ነው» አሉ። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ጥያቄ የሚባል ነገር አልተነሣም።

ስም አወጣንላቸው። «የፈረሱ» የምንለው የስፌት መኪናዬ ጓደኛ ነበር፤ እሱ ሲጋልብ እግሬም አብሮ ይረግጣል። ደንበኛዬ ቀለሟ አንድ ቀን የልጇን ቀሚስ ይዛ መጥታ «ድርቤ፣ ይቺን ስትሰፊ ፈጣኑን ከፍተሽ ነበር መሰለኝ፤ እጅጌው ጠሟል» ብላ ቤቱን በሳቅ ሞላችው። በከሰል ካውያ ስተኩስ የማደርገው ቀስ ያለውን ነበር፤ በፈጣኑ ከተኮስኩ ልብስ አቃጥላለሁ። ክረምት ሲገባ «የባሕሩን» እንከፍታለን። ባሕር ያየ ከመካከላችን ማንም የለም፤ አባባ ግን «ይሄ ውሃ ነው» ብለው ቆርጠዋል። ጎረቤታችን እሜቴ በዛብሽ ሸዌዋ፣ ረቡዕና ዓርብ ፍስክ ቀምሶ የማያውቅ ጾመኛ አንጀታቸውን ይዘው፣ እንዝርታቸውን ይዘው በረንዳችን ላይ ይቀመጣሉ። «ጾም የሌለው ሃይማኖታችሁ አይገባኝም፤ ሙዚቃችሁ ግን ይገባኛል» ይላሉ።

ጠዋት ጠዋት ደግሞ የደወሉ ነበር። እሱን ሌላ ሥራ አልሠራበትም። በሩን ከፍቼ፣ አባባን በርጩማቸው ላይ አስቀምጬ፣ መርፌውን አሳርፋለሁ። ደወሉ ሲጀምር አባባ እጃቸውን ያነሣሉ። ምርቃት ነው። መጀመሪያ ያንተን ስም ነው የሚጠሩት፣ ኩማ፤ እኔ አጠገባቸው ቆሜ ሳለሁ፣ ሁልጊዜ ያንተን። «ኢልመ ኮ ኩማ፣ ልጄ ኩማ፣ በሄድክበት አምላካችን ዋቅ ይቅደምህ። ክፉ ሰው አይግጠምህ። ከፍ ስትል ልብህ ዝቅ ይበል። አገርህ አይጥፋብህ።» እኔ «ሃ ተኡ» እላለሁ። ይሁን ማለት ነው፤ መቼም አልረሳኸውም። ወንዶቹ «ኦ» ማለት ሲጀምሩ ወደ እኔ ይመጣሉ፣ ከዚያ ወደ ጎረቤት፣ ከዚያ ወደ ታመመ ሰው። ሙዚቃውና ምርቃቱ እኩል ነበር የሚያልቁት። ለክተው ያሰፉት ነበር የሚመስለው። ዝናብ ቢዘንብ፣ እኔ ብታመም፣ ይህ ቀርቶ አያውቅም።

ከዚያ ለገና መጣህ፤ ያንን ከረባታም የቢሮ ጓደኛህን ሀብተጊዮርጊስን ይዘህ።

ቤቱ ሙሉ ነበር። አጎታችን ነገራ ከኡኬ መጥተዋል፣ የማኅበረ ምእመናኑ ሰዎች አሉ፣ እሜቴ በዛብሽ አሉ። ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ አባባ «ልጄ ቤቱ ነው ያለው፤ ዛሬ ከፊቱ ልመርቀው። የደወሉን ክፈችልኝ» አሉ። እንዴት ደስ ብሏቸው እንደ ነበር ታውቃለህ? ነጭ ጋቢያቸውን አስወጥተውኛል። ደወሉ ጀመረ፤ እጃቸውን አነሡ። «ኢልመ ኮ ኩማ» ብለው ገና ሳይቀጥሉ ጓደኛህ ከተቀመጠበት ተስፈንጥሮ፦

«ውይ! ይሄ እኮ ያ የካውቦይ ፊልም ነው! ኩማ፣ አብረን ያየነው! ሰውየው ሊገድል ሲመጣ የሚደወለው!»

እዚህ ላይ ብዙ ነገር ማድረግ ትችል ነበር። ብታስል ይበቃ ነበር። እግሩን ብትረግጠው ይበቃ ነበር። «ቆይ፣ ኋላ እነግርሃለሁ» ማለት ምን ያህል ያደክማል? አንተን ግን አየሁህ። በአባታችን አፈርክ። በዚያ ከረባት ፊት፣ እጃቸውን አንሥተው በሚመርቁህ አባትህ አፈርክ። እፍረቱን ከምትሸከም ቀልዱን መሸከም ቀለለህ። ተነሣህ፣ እግርህን አንፈራጠህ፣ ዓይንህን አጠበብህ፣ ጣትህን እንደ ሽጉጥ ቀስረህ፦

«አባባ፣ ይህን ሁሉ ዓመት በሽፍታ ሙዚቃ ነው እኮ የሚመርቁን! መንፈሳዊ ነው ብዬ ያታለልኋችሁ እኔ ነኝ!» አልክ።

ሰው ሳቀ። በዕድሜያቸው ሲኒማ ደጃፍ ደርሰው የማያውቁት አጎታችን ነገራ ሳይቀሩ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አልፈርድባቸውም፤ ሳቅ ይጋባል፣ አንተም ስትቀልድ ታስቃለህ። አባባ ግን ጣትህን አላዩም፣ ዓይንህን አላዩም። የሰሙት ሳቁን ብቻ ነው። እጃቸው እንደ ተነሣ ቀረ። ማንም አላየም፣ እኔ ነኝ ያየሁት፤ ሄጄ እጃቸውን ይዤ ጉልበታቸው ላይ አሳረፍኩት። ሸክላው እስከ መጨረሻው ጮኸ፤ የሚዘጋው ሰው አልነበረም።

መንፈሳዊ ነው ያልከውን ውሸትህን ይቅር ብያለሁ። ለዓይነ ስውር አባት ደስታ የሰጠ ውሸት ነው፤ ከእኔና ከእግዚአብሔር ጋር ይታረቃል። ይቅር ያላልኩህ እውነቱን የተናገርክበትን መንገድ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሸክላ አልተከፈተም። የደወሉ ብቻ አይደለም፤ የፈረሱም፣ የባሕሩም። ስፌቴን የምሰፋው የመኪናውን ኳኳታ እየሰማሁ ነው። እሜቴ በዛብሽ ትዕግሥታቸው ሲያልቅ አንድ ቀን መጥተው አባባን ፊት ለፊት ያዟቸው።

«ኦቦ ባይሳ፣ ሸክላውን ምን አደረጉብን?»

«ሽፍታ ነው ተባለ፣ አዴ በዛብሽ።»

«ታዲያ ለሽፍታ አይጸለይም? ደግሞስ ጸሎቱን የሚሰማው እግዜር ነው ወይስ ማጫወቻው?»

አባባ ፈገግ አሉ። «እሱስ ልክ ነዎት። የምእመናኑ ሽማግሌዎችም እንዲሁ ብለውኛል። ግን ደወሉን ሳስበው ልጄ ሲስቅ ይሰማኛል። እጄ እምቢ ይለኛል።»

እሜቴ በዛብሽ እንዝርታቸውን ሰብስበው ሄዱ። ማታ ራት ሳቀርብ አባባ ድንገት «ድርቤ፣ ዋቅም አብሯቸው ስቆ ይሆን?» አሉኝ። ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ በጸሎት ሰው ሲመሩ የኖሩ ሽማግሌ፣ ያ ሁሉ ጠዋት የለመኑት ሰሚ ያጣ መስሏቸዋል። አሁን ጮክ ብለው አይጸልዩም። ምርቃት ለአንተም የለም፣ ለእኔም የለም። ምግብም ቀንሰዋል። የሐኪም ቤቱ ድሬሰር ልባቸው ደክሟል ብሎኛል። ላስፈራራህ ብዬ አይደለም፤ ቢያስፈራህ ግን ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ልትሄድ ስትል አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘሁህ፤ መንገዱን ሙሉ ስሰድብህ ጠጠሩን በሹል ጫማህ ትመታ ነበር። ጓደኛህ ወንበር ሊይዝ ሲገባ ግን ያንን ነገር ነገርከኝ። አዲስ አበባ እንደ ገባህ ሰሞን፣ የምታውቀው ሰው በሌለበት፣ ብቻህን ሲኒማ ገባህ። ያ ደወል ጀመረ። አባባ ከጊምቢ ሲመለሱ የመሪዋ በቅሎ ቃጭል ከሩቅ ይሰማን ነበር፣ እኛም እየተሽቀዳደምን እንወጣ ነበር፤ እሱን አስታወሰህ። ጨለማው ውስጥ ተቀምጠህ አለቀስክ። ሸክላውን ፈልገህ የገዛኸው ለዚያ ነው። «እንዲህ ተሰምቶኝ ነው ብዬ ለመጻፍ አፈርኩ፤ መንፈሳዊ ነው ብዬ ላክሁት» አልከኝ። ከዚያ ደግሞ «ለአባባ እንዳትነግሪያቸው» ብለህ ገባህ፤ አውቶቡሱም ሄደ።

ስለዚህ እውነቱን ተናገርኩ አትበለኝ! ግማሹን ነው የተናገርከው። የሚያስቀውን ለቤት ሙሉ ሰው ሰጠህ፣ የሚያስለቅሰውን እኔ ጆሮ ውስጥ ቀብረህ ሄድክ። እኔ ሣጥንህ ነኝ?

ለምን አልነግራቸውም ትል ይሆናል። ስንት ጊዜ አፌ ላይ ደርሶ መልሼዋለሁ። ብነግራቸው ላጽናናቸው የፈጠርኩት ይመስላቸዋል፤ በዚያ ሸክላ ላይ አንዴ ተዋሽተዋልና ሁለተኛ አያምኑም። ጆሯቸው ውስጥ ያለው ያንተ ሳቅ ነው፤ እሱን የሚያወጣውም ያንተው ድምፅ ነው።

ከፋሲካ በፊት ትመጣለህ። አጎታችን ነገራንም፣ ምእመናኑንም፣ እሜቴ በዛብሽንም እጠራለሁ። ከረባቱንም ይዘኸው ና፤ እሱም ይስማ። በዚያው ቤት፣ በእነዚያው ሰዎች ፊት ቆመህ ለእኔ የነገርከኝን አንዲት ሳታስቀር ትናገራለህ። ሊስቁብህ ይችላሉ። ሰው በሳቅ አይሞትም፤ አባባም እስካሁን አልሞቱም። ከዚያ መርፌውን በገዛ እጅህ ታሳርፋለህ። እጃቸው ይነሣል አይነሣም፣ እኔ አላውቅም። ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ።

ካልመጣህ እኔው እነግራቸዋለሁ፤ ያምኑኝ አያምኑኝ እንጃ። ጨለማ ውስጥ እንዳለቀስክላቸው እነግራቸዋለሁ፤ ሰው ፊት ግን እንዳፈርክባቸውም አልደብቅላቸውም። ሁለቱንም ይወቁት።

ይህን ስጽፍ አባባ የብዕሩን ጭረት ሰምተው «ለማን ነው?» አሉኝ። «ለኩማ ነው» አልኩ። «ሰላም በዪልኝ» አሉ። ቁጣዬ ሳይበርድ «ምርቃትስ ልጨምርለት?» አልኳቸው። እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር፤ እውነቱን ልንገርህ፣ እምቢ እንዲሉም ፈልጌ ነበር። ከዚያ እጃቸውን ከጋቢው ውስጥ አውጥተው ጉልበታቸው ላይ አደረጉና፦

«ምርቃት በወረቀት አይላክም፣ ድርቤ። ይምጣ በዪው» አሉ።

ብያለሁ።

እስክትመጣ የተቆጣችህ እህትህ፣
ድርቤ ባይሳ