የታጠፈው ጠርዝ

ማክሰኞ

ተሳካ! ለሙከራ የሰጠናቸው መጋዞች ደሴ ካሉት አናጢዎች ተመለሱ፤ አንድም ቅሬታ የለም። የመጋዙን አዲስ ክዳን ወደዱት። ጠርዙ ወደ ውስጥ ስለታጠፈ ማንንም አይቆርጥም።

እዚህ ኮምቦልቻ በሞተር የሚሠራ የእንጨት መጋዝ መገጣጠም ከጀመርን ወዲህ የክዳኑ ላሜራ እንደ ምላጭ ነበር። ሞራጇ ዘይነባ ቀኑን ሙሉ ስለቱን በሞረድ ስታዶለድም ትውል ነበር። ጣቶቿ ከፕላስተር ተለይተው አያውቁም። ምሳ ላይ በርበሬው ቁስሏን ስለሚያቃጥላት እንጀራ በማንኪያ ትበላ ነበር። በማንኪያ! አንጀቴን በላችው። ይህ ሁሉ የተጀመረው ከዚያ ነው።

ብክነት መቀነሻ በሆነው የካይዘን ስልጠና እንደተማርነው ሰሌዳው ፊት ቆመን አምስት ጊዜ «ለምን?» ተባባልን። ዘይነባ ለምን ትቆረጣለች? ስለምትሞርድ። ለምን ትሞርዳለች? ጠርዙ ስለት ስላለው። እንዲህ እያልን እስከ ንድፉ ወረድን። መሞረድ ብክነት ነው፣ ጠርዙ ይታጠፍ፣ አልኩ። ታጠፈ።

ዛሬ ዘይነባ «ወላሂ ሙሌ፣ እጄን መለስክልኝ» አለችኝ። እያፏጨሁ ቤቴ ገባሁ።

ረቡዕ

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ተፈራ ጠሩኝ። አመሰገኑኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ከዚያ «መሞረድ ከቀረ ሞራጅ ምን ይሠራል? የዘይነባ ኮንትራት በወሩ መጨረሻ ያልቃል፣ አናድስም» አሉ። ሻይ የሚያዙ ያህል ረጋ ብለው።

እኔስ ምን አልኩ? «እሺ።»

ጅል ነኝ። ሥራውን ስሰርዝ ሠራተኛዋን እየሰረዝኩ እንደሆነ እንዴት አልታየኝም? ሰሌዳው ፊት የቆምን ቀን ሰው ሁሉ ሐሳቡን ሲደብቅ «አትፍሩ፣ ካይዘን ሰው አያባርርም» ብዬ የማልኩትም እኔው ነኝ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። እኳላለሁ ብላ ዓይኗን አጠፋች ይላሉ፤ እኔ ሰው ልኩል ብዬ ነው ያጠፋሁት።

ስወጣ ደግሞ፣ «ዓርብ ከዞን እንግዶች ይመጣሉ፣ ሞዴል ሊያደርጉን ነው። እስከዚያ ስለ ዘይነባ ትንፍሽ እንዳትል» አሉኝ።

ሐሙስ

ትንፍሽ አላልኩም።

ለእንግዶቹ ስንል ወርክሾፑን አጸዳን፣ መፍቻዎቹን በተርታ ሰቀልን፣ ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር ቀባን። ዘይነባ ሞረዶቿን በጨርቅ ጠቅልላ «እነዚህንስ የት ላድርጋቸው?» አለችኝ። የማያስፈልግ ዕቃ የሚጣልበትን ሳጥን አሳየኋት። እያንጎራጎረች ወስዳ ከተተቻቸው።

ምሳ ላይ በእጇ በላች። ወጡን እየጠቀሰች፣ ጣቷን እየላሰች።

ሁለት ጊዜ ልነግራት አፌን ከፍቼ ስለ ኮምቦልቻ ሙቀት አወራሁ። ሙቀቱን ለእሷ ማን ይነግራታል?

ዓርብ

እንግዶቹ መጡ። አስረዳሁ። ጥሩ አድርጌ አስረዳሁ፣ ይኼም ያበሽቀኛል። ከእንግዶቹ አንዷ «ለሠራተኛውስ ምን ጠቀመ?» ብላ ጠየቀች።

ዘይነባን ጠራኋት።

መጥታ እጆቿን ዘረጋች። «ያ የሚቆርጠኝ ብረት እንደ ቀሚስ ጠርዝ ታጥፎ ለሰለሰ። አልሃምዱሊላህ!» ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። በእነዚህ እጆቼ።

ስንበተን «እሁድ ቤት ና፣ አባዬ ሊያመሰግኑህ ይፈልጋሉ» አለችኝ። ምን ብዬ እምቢ ልበል?

ቅዳሜ

ከአልጋ አልወረድኩም። እንቅልፍ ግን የለም። ታመምኩ ብዬ ልቅር? አይ፣ ውሸት ላይ ውሸት ነው። ነገ እነግራታለሁ። ከአባቷ ፊት ባይሆንም እነግራታለሁ።

እሁድ

የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ገባሁ። ቤታቸው ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው። አባቷ ጋሽ እንድሪስ በር ድረስ ወጥተው ተቀበሉኝ። እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ ሥጋው ቀርቶ ሽሮ ተሠርቷል፤ ለእኔ ሲሉ ቤተሰቡ በሙሉ ሽሮ በላ።

ከምሳ በኋላ ጋሽ እንድሪስ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልኝ። «የልጄን እጅ እንዳዳንክ አላህ እጅህን ከክፉ ያድነው፣ እንጀራህን ያስፋው።» ሁሉም «አሚን» አለ። እኔም አልኩ። እንጀራዋን የነጠቃት ሰው እንጀራህን ያስፋው ተብሎ አሚን ይላል! ይህችን አሚን የት አባቴ እንደማደርሳት አላውቅም።

ልትሸኘኝ ስትወጣ ታክሲ ተራው ጋ ነገርኳት። መጀመሪያ አላመነችም። ከዚያ ጀመረች።

«ለምን ረቡዕ ዕለት አልነገርከኝም?»

«እንግዶቹ እስኪሄዱ ዝም በል ተባልኩ።»

«ለምን እሺ አልክ?»

«ሞዴል መባሉ አጓጓኝ።»

«ለምን እኔን ሰው ፊት አቆምከኝ?»

«ጥያቄው ከበደኝ።»

«ለምን ከበደህ?»

«መልሱን ስለማውቀው።»

«እና ለምን አልተሟገትክልኝም?»

ራሴ ነኝ እንዲህ መጠየቅን ያስተማርኳት። እስከ ሥሩ ካልወረዳችሁ አታቁሙ ብዬ። «ፈራሁ» አልኳት።

ሌላ አልጠየቀችኝም። «ሂድ፣ ታክሲው ይሞላብሃል» ብላ ተመለሰች።

ሰኞ

ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። ክዳኑን የሚያጥፈው በያጁ ይማም ነው፤ በአንድ እግሩ ብየዳ፣ በአንድ እግሩ ማጠፊያ እየተሯሯጠ ያልታጠፈ ክዳን ይከመርበታል። ማጠፊያ ማሽኑ ላይ ሌላ ሰው ያልቆመው እጀታው ከባድ ስለሆነ ነው። ቱቦ በይጄ አስረዘምኩት። በአንድ እጅ ሞከርኩት፣ ወረደ።

አቶ ተፈራ ቢሮ ገባሁ። «ዘይነባ ማጠፊያው ላይ ትሁን። እሷ ከተባረረች ከዛሬ ወዲያ ለካይዘን ሐሳብ የሚያዋጣ የለም። እኔም ሰሌዳው ፊት አልቆምም» አልኩ። ተቆጡ። ማን ነህ አንተ አሉኝ። ቆይተው «እስከ ወሩ መጨረሻ ትሞክር፣ ያኔ እናያለን» አሉ።

እናያለን። ያገኘሁት ይህን ብቻ ነው።

ዘይነባ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ እጀታውን ሳበች። የመጀመሪያው ተጣመመ። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ቀና ብሎ ወጣ። በአንተና በአንቺ የምንጫወት ሰዎች ነበርን፤ «ጎበዝ!» ስላት ግን በአንቱታ «እስቲ ይዩት» ብላ ክዳኑን አቀበለችኝ። ፊቴን አላየችም።

ጣቴን በጠርዙ ላይ አስኬድኩት። ደግሜ፣ ጫን አድርጌ አስኬድኩት። እኔንም የሚቆርጥ ቦታ ፈለግሁበት፤ አጣሁ።